ዛሬና ነገ በአንድ ልብ ሚዛን

በገበያ የሚመዝን ነጋዴ ሚዛኑ ቢያጋድል ዳኛ ይቀጣዋል፤ ደንበኛም ይሸሸዋል። በሰው ልብ ውስጥ ግን ዛሬንና ነገን የሚመዝን ሌላ ሚዛን አለ። ይህ ሚዛን ቢያጋድል ከባለቤቱ በቀር ከሳሽ የለውም፤ ባለቤቱም ክሱን የሚያቀርበው ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

በወር ደመወዝ የሚኖር አንድ የከተማ ሰው በወሩ አጋማሽ ተቀምጦ ሲያስብ፥ «በወሩ መጨረሻ ከደመወዜ ከዐሥር አንዱን ለልጆቼ ትምህርት አስቀምጣለሁ» ብሎ ይቈርጣል። ይህን ሲል አይዋሽም፤ ልቡም አፉም አንድ ነው። ደመወዙ በእጁ በገባ ቀን ግን፥ «ለሚመጣው ወር ይሁን» ይላል። በመካከሉ በቤቱ የታመመ የለም፤ የእህል ዋጋ አልተወደደም፤ እንግዳ አልመጣም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሩቅ የነበረው ገንዘብ ቅርብ መሆኑ ነው። ምክንያቱን የጠየቀው ሰው ቢኖር፥ «የነገን ማን ያውቃል?» ሲል ይመልሳል።

ይህ መልስ ሐሰት አይደለም። የነገን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ጤናም ሀብትም ዕድሜም ዋስ የላቸውም። ዳሩ ግን እውነት የሆነ ቃል ሁሉ ለሁሉ ጊዜ እውነተኛ ምክንያት አይሆንም። ስለዚህ ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ ዛሬን ከነገ የሚያስበልጥ ሰው የነገን አለመታወቅ አይቶ በጥበብ ይሠራልን? ወይስ ድካሙን በጥበብ ልብስ ይሸፍናልን? ነገሩ የምግባር ጥያቄ ቢሆንም የሒሳብ ሊቃውንት ብዙ ደክመውበታል፤ የእነርሱም ሥራ ጥያቄውን ለመለየት ይረዳል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1834 ዓ. ም. ጆን ሬ የተባለ በካናዳ ይኖር የነበረ የስኮትላንድ ተወላጅ ስለ ሀብት አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰው ለኋላ ጊዜ ከማስቀመጥ የሚከለክሉትን ምክንያቶች መረመረ። ከእነዚህም አንዱ የሰው ዕድሜ እርግጠኛ አለመሆኑ ነው፤ ሁለተኛውም በዓይን ፊት ያለ ነገር የሚያስነሣው ብርቱ ምኞት ነው። እነዚህ ሁለቱ ምክንያቶች ወደ አንድ ሥራ ይመራሉና በአንድ ስም ሊጠሩ ቀላል ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው በውጭ ካለው ዓለም ይመጣል፤ ሁለተኛው ከልብ ውስጥ ይወጣል።

ከዚያ ወዲህ በ1928 ዓ. ም. የካምብሪጁ ወጣት ሊቅ ፍራንክ ራምሴ አንድ ሕዝብ ከገቢው ምን ያህል ማስቀመጥ እንዲገባው በሒሳብ ሊያሳይ ተነሣ። በዚያም ጽሑፍ፥ ኋላ የሚመጣውን ደስታ ኋላ በመምጣቱ ብቻ ማሳነስ ምግባርን የሚቃወምና ከሐሳብ ደካማነት የሚመጣ ነው ሲል ፈረደ። በ1937 ዓ. ም. አሜሪካዊው ፖል ሳሙኤልሰን ሌላ መንገድ አበጀ፤ ሰው የሚመጣውን ደስታ በየዓመቱ በአንድ በተወሰነ መጠን እየቀነሰ እንደሚገምት አድርጎ በሒሳብ ጻፈው። ይህ አቈጣጠር ለሒሳብ ቀላል ስለ ሆነ ለብዙ ዘመን የሊቃውንት መለኪያ ሆነ። ሳሙኤልሰን ራሱ ግን ሰው በእውነት እንዲህ ያደርጋል ብሎ አልማለም፤ እንዲህ ማድረግ ይገባዋል ብሎም አላስተማረም።

የዚህ አቈጣጠር ዋና ጠባዩ ጽናት ነው። በእርሱ የሚመዝን ሰው ዛሬ ስለ ሚመጣው ዓመት የቈረጠውን ምክር፥ ዓመቱ ሲደርስ አዲስ ነገር ካልገጠመው በቀር አይለውጠውም። ያ ባለ ደመወዝ ግን ለወጠ። እንግዲህ የእርሱ ልብ በሌላ ሚዛን ይመዝናል ማለት ነው።

ይህን ልዩነት በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ሮበርት ስትሮትዝ ገለጠው። በ1968 ዓ. ም. ኤድመንድ ፌልፕስና ሮበርት ፖላክ ስለ ትውልዶች ሲጽፉ፥ በ1997 ዓ. ም. ደግሞ ዴቪድ ሌብሰን ስለ አንድ ሰው ኑሮ ሲጽፍ፥ በሁለት መጠኖች አሳዩት፤ ሌብሰን እነዚህን ቤታና ዴልታ በተባሉ ሁለት የጽርዕ ፊደሎች ጻፋቸው። ዴልታ ጊዜ በራቀ ቍጥር በየደረጃው በእኩል የሚቀንሰው መጠን ነው፤ ቤታ ግን «ዛሬ ያልሆነ» ነገር ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፍለው ቅጣት ነው።

ነገሩ በምሳሌ ሲነገር ግልጥ ይሆናል። አንድ ሰው ዛሬ 100 ብር ወይም ከወር በኋላ 110 ብር ምረጥ ቢባል፥ ልቡም ዛሬ ያልሆነውን ሁሉ ከመቶ በሰማንያ የሚገምት ቢሆን፥ መቶ ዐሥሩ በሚዛኑ 88 ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ የዛሬውን መቶ ይወስዳል። ይኸው ሰው ከ6 ወር በኋላ 100 ወይም ከ7 ወር በኋላ 110 ምረጥ ቢባል ሁለቱም ከዛሬ የራቁ ናቸውና ሁለቱም ቅጣቱን ይከፍላሉ፤ መቶው 80፥ መቶ ዐሥሩም 88 ይሆናል። ስለዚህ «እታገሣለሁ» ይላል። ስድስቱ ወር ሲፈጸም ግን መቶው ዛሬ ይሆናል፤ ቅጣቱ ይነሣለታል፤ ታጋሹም ሰው ምክሩን ያፈርሳል። ባለ ደመወዙ የደረሰበት ይህ ነው። ዛሬ ነገ የሚል ሰው ሁሉ ታሪኩ በዚህች አጭር ሒሳብ ውስጥ አለ።

አሁን «የነገን ማን ያውቃል?» የሚለውን መልስ በዚሁ ሚዛን መፈተን ይቻላል። የልብ ቅጣት ይቅርና፥ ገንዘቡ በሌላ ሰው እጅ ሳለ በየወሩ ከዐሥር አንድ ጊዜ የሚጠፋ ይሁን። ከወር በኋላ የሚገኘው 110 ብር በዚህ አደጋ ምክንያት 99 ይመዝናል፤ ስለዚህ አስተዋይ ሰው የዛሬውን 100 ቢወስድ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ስለ 6ኛውና ስለ 7ኛው ወር ቢጠየቅስ? መቶው ወደ 53፥ መቶ ዐሥሩም ወደ 52 ተኩል ገደማ ይወርዳል፤ አሁንም ቀድሞ የሚመጣው ይበልጣል። እንግዲህ ሁልጊዜ በአንድ መጠን የሚያሰጋ አደጋ ሰውን ቸኳይ ያደርገዋል እንጂ ወላዋይ አያደርገውም። በሩቁም በቅርቡም ፍርዱ አንድ ነው። በወሩ አጋማሽ «አስቀምጣለሁ» ብሎ በወሩ መጨረሻ «የነገን ማን ያውቃል?» የሚል ሰው ግን በወሩ አጋማሽም ነገን አያውቅም ነበር። አለማወቁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ምኞቱ ነው።

ይሁን እንጂ ፍርዱን በዚህ መዝጋት አይገባም፤ ነገሩ ሌላ ገጽ አለውና። በ1998 ዓ. ም. ፒተር ሶዙ የተባለ ሊቅ፥ ሰው የአደጋውን መጠን ራሱን ሳያውቅ ሲቀር ምን እንደሚሆን መረመረ። ለምሳሌ አንድ ተበዳሪ ታማኝ ይሁን ከዳተኛ አይታወቅ፤ ሁለቱም እኩል የሚጠረጠሩ ይሁኑ፤ ከዳተኛ ከሆነም በየወሩ ገንዘቡን ይዞ የመጥፋቱ ነገር ከሁለት አንድ ይሁን። ዛሬ ከሚገኝ 100 ብርና ከወር በኋላ ከሚገኝ 110 ብር የዛሬው ይሻላል፤ መቶ ዐሥሩ በሚዛን 82 ተኩል ብቻ ነውና። ስለ 6ኛውና ስለ 7ኛው ወር ሲታሰብ ግን መቶው ወደ 51፥ መቶ ዐሥሩም ከ55 በላይ ስለሚሆን መታገሥ ይሻላል። ምክንያቱም እስከ 6ኛው ወር ሳይጠፋ የቈየ ተበዳሪ ታማኝነቱ የተመሰከረለት ነው፤ አንድ ወር ቢጨመርለት አያሰጋም። ስለዚህ በቅርቡ ቸኵሎ በሩቁ የሚታገሥ ሰው ሁሉ ደካማ አይደለም፤ ያላወቀውን ሊያውቅ የሚጠብቅ ሰው ሊሆን ይችላል።

ሁለቱን የሚለያቸው ቀኑ ሲደርስ የሚሠሩት ነው። ስድስቱ ወር አልፎ ተበዳሪው በስፍራው ሲገኝ፥ በጥበብ የታገሠው ሰው እንዳሰበው 7ኛውን ወር ይጠብቃል። በምኞት የሚመራው ሰው ግን ተበዳሪው ታማኝ መሆኑን እያየ፥ ገንዘቡ ስለ ቀረበ ብቻ ምክሩን ያፈርሳል። ስለዚህ ሰው ሐሳቡን በለወጠ ጊዜ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የለወጠኝ አዲስ ወሬ ነውን? ወይስ የነገሩ መቅረብ ብቻ ነው?» አዲስ ወሬ ሰምቶ ምክሩን የሚለውጥ ሰው አስተዋይ ነው። ምንም ሳይሰማ የሚለውጥ ግን የራሱን ቃል የሚከዳ ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈው የዔሳው ነገር ለዚህ ምስክር ይሆናል። ዔሳው ብኵርናውን በምስር ወጥ ሲሸጥ ያቀረበው ምክንያት የሞቱ መቅረብ ነበር፤ ሟች ለሆነ ሰው ብኵርና ምን ይጠቅመዋል ሲል ተከራከረ። ይህ በቃሉ የነገን አለመታወቅ የሚጠቅስ ክርክር ነው። ዳሩ ግን ከዱር የመጣ ራብ እንጂ ደዌ አልያዘውም፤ በላ፥ ጠጣ፥ ተነሥቶም ሄደ። ኋላ በረከቱ ባመለጠው ጊዜ ምርር ብሎ አለቀሰ። እንግዲህ ሞት የተጠራው ለራብ ጠበቃ እንዲሆን ነበር።

የቅርብ ነገር ኀይል ምን ያህል እንደ ሆነ በ1995 ዓ. ም. ኬረንና ሩሎፍስማ በሆላንድ አገር ባደረጉት ምርመራ ታየ። ዛሬ 100 ጊልደር ወይም ከ4 ሳምንት በኋላ 110 ከተባሉት ሰዎች ከመቶ 82 የዛሬውን መረጡ። ሁለቱም በ26 ሳምንት ወደ ኋላ ሲገፉ ግን ቀድሞ የሚመጣውን የመረጡት ከመቶ 37 ብቻ ሆኑ። የሚያስደንቀው ግን ከዚህ የሚከተለው ነው። የዛሬውም የኋላውም ገንዘብ የሚገኘው ከሁለት አንድ ጊዜ ነው በተባለ ጊዜ የዛሬውን የመረጡት ወደ 39 ወረዱ። ስለዚህ ሰውን የሚያስጐመጀው ዛሬ የተባለው ቀን ብቻ አይደለም፤ ያለ ጥርጥር በእጅ መጨበጥ ነው። እርግጠኝነቱ ሲነሣ የዛሬ ውበት ይደበዝዛል። «የነገን ማን ያውቃል?» የሚለው ሰው እርግጠኛ አለመሆንን ለነገ ብቻ ይሰጠዋል፤ ዛሬም በጥርጥር የተሞላ መሆኑን ባስታወሰ ጊዜ ግን ትዕግሥቱ ይመለስለታል።

ሊቃውንቱ ከዚህ አልፈው ደካማነቱን የሚያውቅ ሰውና የማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚለያዩ መርምረዋል። በ1999 ዓ. ም. ኦዶኖሁና ራቢን የጻፉት ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፥ የማያውቀው የዋህ «ነገ አደርገዋለሁ» በሚል ተስፋ ሥራውን ከቀን ወደ ቀን ያስተላልፋል። ደካማነቱን የሚያውቀው ግን ነገም እንደ ዛሬ እንደሚሆን ስለሚረዳ፥ ከባድ ሥራ በሆነ ጊዜ ቶሎ ይጀምራል። እስከዚህ ድረስ ዕውቀት ትጠቅማለች። ነገር ግን የቀረበለት ሥራ ሳይሆን ደስታ ሲሆን ዕውቀቱ ሊጐዳው ይችላል፤ «ነገ ባስቀምጠውም ከነገ ወዲያ ማባከኔ አይቀርም፤ እንግዲያስ ዛሬ ልብላው» ይላልና። ስለዚህ ድካምን ማወቅ ብቻውን አያድንም፤ ማሰሪያ ያልተበጀለት ዕውቀት ተስፋ መቍረጥን ይወልዳል።

በ2001 ዓ. ም. ክሪስቶፈር ሃሪስና ሌብሰን ገቢው እርግጠኛ ያልሆነ ሰው እንዴት እንደሚያወጣና እንደሚያስቀምጥ ሲያሰሉ፥ አንዱን ሰው አንድ ቦርሳ በየተራ እንደሚይዙ ብዙ ሰዎች አድርገው ቈጠሩት። እያንዳንዱ ተረኛ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ምን እንደሚያደርግ እየገመተ ያወጣል፤ ከኋላ የሚመጣውን ለማዘዝ ግን ሥልጣን የለውም። እንግዲህ የዛሬው ሰው የነገውን ሰው ማዘዝ ካልቻለ ሊያስረው ይችላልን? ስትሮትዝ ጽሑፉን ሲጀምር ያነሣው የግሪክ ተረት ይህን ይመለከታል፤ ኡሊሲስ የተባለው ጀግና ዘፈናቸው ሰውን ወደ ጥፋት በሚስብ ፍጡራን አጠገብ ሲያልፍ፥ በመርከቡ ምሰሶ እንዲያስሩት መርከበኞቹን አዘዘ።

ይህ ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ2006 ዓ. ም. ናቫ አሽራፍ፥ ዲን ካርላንና ዌስሊ ዪን በፊሊፒንስ አገር ስለ ተደረገ ሙከራ ጻፉ፤ የአንድ ባንክ ደንበኞች ከቈረጡት ቀን ወይም ከቈረጡት መጠን በፊት ገንዘባቸውን ማውጣት የማይችሉበት ሒሳብ እንዲከፍቱ ተጠየቁ። ከተጠየቁት ከመቶ 28 የሚሆኑት ሌላ ወለድ ሳይጨመርላቸው በፈቃዳቸው ራሳቸውን አሰሩ። ገንዘቡን ከራስ እጅ ማራቅ ራሱ እንደ ጥቅም ተቈጠረ ማለት ነው።

ዳሩ ግን ነገ የማይታወቅ ከሆነ የጠበቀ ማሰሪያ ራሱ አደጋ አለበት። ገንዘቡን የቈለፈ ሰው ልጁ የታመመ ቀን ምን ያደርጋል? አማዶር፥ ቬርኒንግና አንጄሌቶስ በ2006 ዓ. ም. ይህንኑ መረመሩ፤ በብዙ ሁኔታ የሚሻለው ደንብ፥ ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይቀመጥ የሚከለክልና ከዚያ በላይ ያለውን ለባለቤቱ ፈቃድ የሚተው መሆኑን አሳዩ።

የኢትዮጵያ ከተሞች ሰው ይህን ነገር ያለ ፊደልና ያለ ሒሳብ በዕቁብ ያውቀዋል። ዕቁብተኛው በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የተወሰነውን ያዋጣል፤ ዕጣ የወጣለት ድምሩን ይወስዳል፤ የወሰደውም እስከ መጨረሻው እንዲከፍል ዋስ ይጠራል። ብቻውን ሲሆን «ለሚመጣው ወር ይሁን» የሚለው ሰው በዳኛውና በጓደኞቹ ፊት እንዲህ ለማለት ያፍራል። ሆኖም ብርቱ ችግር የደረሰበት ዕቁብተኛ ተለማምኖ ተራ የሚያገኝበት፥ ወይም ዕጣ ከወጣለት ሰው ተራውን የሚገዛበት ልማድ አለ። ቍልፉ አለ፤ መክፈቻው ግን በባለጕዳዩ ኪስ ሳይሆን በማኅበሩ እጅ ነው። አዲስ ወሬ የመጣበትንና ምኞት ብቻ የቀረበበትን የሚለዩት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ሰው በራሱ ጕዳይ መልካም ዳኛ አይሆንምና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በሌላ ሰው ላይ ለመፍረድ የሚቸኵል ቢኖር ጥቂት ይታገሥ። ዱፍሎ፥ ክሬመርና ሮቢንሰን በ2011 ዓ. ም. ስለ ምዕራብ ኬንያ ገበሬዎች ጻፉ። ገበሬዎቹ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ለሚመጣው ዘር ማዳበሪያ እንገዛለን ብለው ያስቡ ነበር፤ የዘር ጊዜ ሲደርስ ግን ብዙዎቹ አልገዙም። መከሩ እንደ ገባ፥ ገንዘቡ ገና በእጃቸው ሳለ፥ ማዳበሪያው ያለ ማመላለሻ ዋጋ ወደ ቤታቸው እንዲመጣ በተደረገ ጊዜ የገዙት በዙ። ያው ዕርዳታ ዘግይቶ በቀረበ ጊዜ ግን ይህን ፍሬ አላሳየም። «ሰነፎች ናቸው» ለሚል ሰው መልሱ ይህ ነው፤ ስንፍና ቢሆን ኖሮ የዕርዳታው ቀን መቀየር ባልለወጣቸውም ነበር። ባለጠጋው ሰው በዚያው ድካም ሲወድቅ ውድቀቱን ጎተራው ይሸፍንለታል፤ የድኻው ውድቀት ግን በዚያው ዓመት በመሶቡ ላይ ይታያል። ልባቸው አንድ ሲሆን ቅጣታቸው ይለያያል።

ደግሞ ሚዛን ወደ ሁለቱም ወገን ማጋደል እንደሚችል ሊረሳ አይገባም። ነገን እጅግ በመፍራት ለራሱም ለቤተ ሰቡም ሳይራራ የሚያከማች ሰው፥ ሞት ሲመጣ ዛሬን ሁሉ ለማይመጣ ነገ ሸጦ ይገኛል። እርሱም «የነገን ማን ያውቃል?» ይላል፤ ያው ቃል ለአባካኙም ለሰሳቹም ያገለግላል። ይህ ራሱ ቃሉ ምክንያት ሳይሆን መሸፈኛ ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል።

እንግዲህ ከዛሬው ሰውና ከነገው ሰው ማን ይፍረድ? ሁለቱም ቀኖች በራቁ ጊዜ የተቈረጠ ምክር ከሌላው ይልቅ ለፍትሕ ይቀርባል፤ ምክንያቱም በዚያን ሰዓት መካሪው ከሁለቱ ከአንዱም መማለጃ አልተቀበለም። ነገር ግን መካሪው ሁሉን የሚያውቅ አይደለምና ለአዲስ ወሬ በር ሊተው ይገባል። የነገው ሰው በዛሬው ሸንጎ ቀርቦ መናገር አይችልም፤ ድምፅ የለውም። ፌልፕስና ፖላክ ይህን ሒሳብ መጀመሪያ ያበጁት ስለ ትውልዶች ሲያስቡ መሆኑም ከዚህ ጋር ይስማማል። ገና ያልተወለደ ልጅና ገና ያልመጣው የአንድ ሰው እርጅና በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ዕዳውን የሚከፍሉት ሳይጠየቁ ነው።

ያ ባለ ደመወዝም በሚቀጥለው የደመወዝ ቀን፥ ገንዘቡ በእጁ ሳለ፥ «የነገን ማን ያውቃል?» የሚለው ቃል ወደ አፉ በመጣ ጊዜ፥ ዐሥራ አምስት ቀን ቀድሞ ይህንኑ አያውቅ እንደ ነበረና እንዳልነበረ ራሱን ይጠይቅ። በእነዚያ ቀኖች መካከል የሰማው አዲስ ነገር ካለ ያለ ኀፍረት ምክሩን ይለውጥ። የሰማው ከሌለ ግን ልጆቹ የሚቀበሉት ዐሥረኛው እጅ በእጁ ያለ የሌላ ሰው አደራ መሆኑን ይወቅ።